አውሮፕላኑ ምን ይፈጫል

ባለቤቴ ይስሐቅ ኤርካሎ አውሮፕላን ከሰማ ምግብ አቋርጦ ይወጣ ነበር። ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ግቢው መሃል ቆሞ ያንጋጥጣል፤ ከዚያ ይመለስና «አርባ ምንጭ የሚሄደው ነው» ይለኛል። ሌላማ ወዴት ሊሄድ ኖሯል? ሶዶ ላይ በሳምንት ስንት አውሮፕላን ያልፋል? አንድ ቀን ሳቅ አምልጦኝ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፎኛል። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁበትም።

ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ደብረ ዘይት የጄት ሞተር ቴክኒሻን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ተዋጊ አውሮፕላን ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ እሱና መሰሎቹ ተሃድሶ ገቡ፤ ከዚያ አንዳንድ ብርድ ልብስ ተሰጥቷቸው ወደየአገራችሁ ተባሉ። ይስሐቅ ወላይታ ሲመለስ ፈርቶ ስለ አየር ኃይሉ ለማንም አልተናገረም። እናቱ ቀዬ፣ ከገሱባ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ፣ ገበሬ ነኝ ብሎ ተመዘገበ። እኔን ያገባኝም በዚያው ሰሞን ነው። ሶዶ ገባን፤ እሱ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ ሆነ፣ እኔ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ታይፒስትነቴን ቀጠልሁ። ልጅ አልሰጠንም።

ከገሱባ እስከ ሻንቶ፣ ከሻንቶ እስከ ጉኑኖ ወፍጮ ሲታመም የሚጠራው እሱ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ይተክላል፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሰዉ ዙሪያውን ከቦ ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ «ሁለተኛው ሲሊንደር ነው» ይላል፣ ሲፈታም እውነትም ሁለተኛው ሲሊንደር ነው። ከአየር ኃይል ይዞት የመጣው አንድ ሕግ ነበረው፤ የከፈተውን ሞተር ሳይዘጋ ወደ ሌላ ሥራ አይሄድም። የከፈተ ይዘጋል፣ አለቀ። በኋላ በኋላ የሶዶ መካኒኮች ሁሉ ይህን ሕግ ተቀበሉት። የሌላው ጥፋት በእነሱ እንዳይላከክ ይመቻቸዋልና፣ ሌላ ሰው የከፈተውን ሞተር ማንም አይነካም ነበር።

ደስተኛ ነበር ብዬ አልዋሽም። ያከብሩታል፣ ዶሮና ቅቤ ያሸክሙታል፤ እሱ ግን ማታ ማታ ጣቶቹን እያገላበጠ ያመሻል። አንድ ጊዜ ምን ሆነሃል ስለው «እነዚህ ጣቶች ወረቀት የማታልፍበትን ክፍተት በመዳሰስ ያውቁ ነበር» አለኝ። አንጀቴን በላው። ስምንት ዓመት እንዲህ ሲያዝን ያየች ሚስት ምን ታድርግ?

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ኅዳር ዘጠና ሁለት ነው፣ ጦርነቱ ሰሜን ላይ ተፋፍሟል። ለጽሕፈት ቤታችን ደብዳቤ መጣ፤ በወረዳው የሚገኙ የቀድሞ አየር ኃይል ባለሙያዎች ስም ዝርዝር ይላክ ይላል። አለቃዬ አቶ ሶርሳ ከማኅደር ሦስት ስም አውጥቶ ሰጠኝ። ጻፍሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የይስሐቅ ስም የለም፣ በገበሬነት የተመዘገበ ሰው ስም ከየት ይመጣል? ጣቶቼ የጽሕፈት መኪናው ላይ ቆዩ። ከዚያ አራት ብዬ «ይስሐቅ ኤርካሎ፣ የጄት ሞተር ቴክኒሻን» ብዬ ጨመርሁበት። አቶ ሶርሳ ሳያነብ ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ፣ ሄደ። ጣቴን በቆረጠው!

ማን ገፋፋሽ ብትሉኝ ማንም። ጄት እንደሚያስፈልግና እንደማያስፈልግም አላሰብሁም። ያሰብሁት ስለ ባሌ ፊት ብቻ ነው።

ጥሪው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ይስሐቅ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ፣ ተቀምጦ አነበበ፣ ከዚያ ለእኔ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «አስታወሱኝ» አለ። «ዓመሌ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አስታወሱኝ እኮ!» ያገባሁትን ሰው ፊት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት መሰለኝ። እንዴት ብዬ እኔ ነኝ የጻፍሁህ ልበለው? ዋጥሁት።

ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ ጠቆር አለ። «የእናቴ ቀዬ ወፍጮ ክፍት ነው» አለ።

እውነቱን ነው። የገበሬ ማኅበሩን ወፍጮ ከአሥር ቀን በፊት ፈትቶት ነበር። ኩሽኔታው፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ተበልቶ ስለነበር ከአዲስ አበባ ያስመጣው አዲሱ ጠረጴዛችን ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሄዶ ለመግጠም ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ደብዳቤው ደግሞ በአምስት ቀን ውስጥ ሪፖርት አድርግ ይላል፣ የጽሕፈት ቤቱ መኪና ወደ አዋሳ የሚወጣው በማግስቱ ነው።

«ገጥሜው በአውቶቡስ እደርሳለሁ» አለ።

«ብትዘገይስ? ፈራ፣ ተደበቀ ቢሉህስ? ስምህን ሰርዘው ሌላ ሰው ቢተኩብህስ?» አልሁት። «ኩሽኔታውን እኔ አደርሳለሁ። መካኒኩ እሸቴ ይገጥመዋል።»

«እሸቴ የእኔን አይነካም።»

«እኔ ለምኜው እምቢ ይላል? ተው እንግዲህ፣ ስምንት ዓመት የጠበቅኸውን ቀን በወፍጮ አታበላሸው።»

ይህንን ከአፌ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ይስሐቅ የተጠቀለለውን ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ እያገላበጠ አየው፣ ከዚያ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

በማግስቱ ምሳ አብልተን ልንሸኘው አቶ ሶርሳን ጠራሁት። ሶርሳ ታናሽ ወንድሙ ግንባር ነው፣ ሬዲዮ በሰማ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። መንግሥት የገዛቸውን አዲሶቹን ጄቶች እያነሳ ይስሐቅን እንደ ሙሽራ ያሞግሰው ጀመር። ይስሐቅ ግን ሞተር ያውቃልና ማጋነን አይወድም።

«አቶ ሶርሳ፣ እነዚህ ነገሮች የሚበሉት ቀላል አይደለም» አለው። «አንድ ሰዓት እንዲበር ስንት ሰው ቀኑን ሙሉ ያጎነብስለታል መሰለህ? የሚጠጣው ነዳጅ የገሱባን ወፍጮዎች ሁሉ ስንት ዓመት ያዞራል። የአንዱ ዋጋ ደግሞ...» ብሎ ተወው።

«ወንድሜ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው» አለ ሶርሳ፤ ድምፁ ተለወጠ። «በላዩ የሚያልፈው አውሮፕላን የእኛ እንዲሆን፣ የእነሱ እንዳይሆን የሚያደርገው ምንድን ነው? ጄቱ ነው። ስንዴ ወደ ሰማይ አይተኩስም፣ ይስሐቅ። ውድ ነው ትለኛለህ፣ እሺ ውድ ነው። ወንድሜስ ርካሽ ነው?»

ይስሐቅ አንገቱን ደፋ። «አይደለም» አለ። «ለዚህ ነው የምሄደው።»

ሁለቱም ልክ ነበሩ፣ ዛሬም ቢሆን ማን ተሳሳተ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሶርሳ አቅፎ ሳመው፣ መኪናው ላይ አወጣው። እኔ ሳቅሁም አለቀስሁም፣ እሱ መስኮት ከፍቶ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እጁን አወዛወዘልኝ።

እሸቴ ጋ በዚያው ሳምንት ሄድሁ። ኩሽኔታውን እጄ ላይ አየና የመርዝ ጠርሙስ የያዝሁ ይመስል ወደ ኋላ አለ። «ይስሐቅ የከፈተውን? አይሆንም እታለም! ብዘጋውና ቢሠራ 'ይስሐቅ የሠራው' ይባላል፤ ቢሰበር 'እሸቴ የሰበረው' ይባላል። ራሱ አይደል ሕጉን ያወጣው?» አለኝ። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ በእናትህም በቤተ ክርስቲያንህም አልሁት፣ ወይ ፍንክች! ሌሎቹም ሁለቱ መካኒኮች ያንኑ መለሱልኝ። አርባ ምንጭ ድረስ መልእክት ላክሁ፣ የሰው ክፍት ሞተር ለማየት የሚመጣ አልተገኘም።

የዚያ ዓመት ረሃብ ወላይታ እንዴት እንደገባ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያለፈው በልግ ቀርቶ ነበር፣ ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ ደረቀ፣ ሰው ያልደረሰ እንሰት መንቀል ጀመረ። ደጁ አረንጓዴ ነው፣ ሆዱ ባዶ ነው። ጥር ላይ የእርዳታ በቆሎ መጣ። እሰይ ተባለ። በቆሎው ግን ፍሬ ነው። ጉልበት ያለው ተሸክሞ ገሱባ ያስፈጫል፣ እዚያም ወረፋው ቀን ከቀን አያልቅም። ጉልበት የሌለው ቀቅሎ ይበላል። ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን፣ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ፣ በረሃብ አንጀቱ የደከመ ሰው የተቀቀለ በቆሎ ምን ያደርግለታል? ለዚህ ነበር ያቺ ክፍት ወፍጮ ያስፈለገችው፣ ለዚህ!

አማቴ እማማ እታፈራሁ ጥርስ አልነበራቸውም። ፊት ለፊት አንድ ቀርታ ነበር፣ እሷም ለሳቅ እንጂ ለሥራ አትሆንም። ገና የካቲት ሳይገባ ሄጄ «ሶዶ ይምጡ፣ እኔ ዘንድ ይሰንብቱ» አልኋቸው። ያገኘኋቸው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ነው።

«አልመጣም» አሉ በወላይትኛ። «ልጄ የከፈተው ሞተር እዚህ ተበትኗል። ብሎን የሚሰርቅ አለ። ደግሞ እኔ ከሄድሁ ሰው 'እናትና ልጅ ጥለውን ሸሹ' ይላል። እዚህ ተቀምጬ 'ይመጣል' እላቸዋለሁ።»

«እስከ መቼ እማማ?»

«እስኪመጣ ነዋ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶዶ ያስፈጨሁትን ዱቄት ይዤ በመኪና ገሱባ፣ ከገሱባ በእግሬ እሄድ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ለሁለተኛ ጊዜ ስደርስ እማማ ከስተዋል። «ዱቄቱ አልበቃም?» አልሁ። ጎረቤት ያለችው ሴት ሳቀች፣ ክፉ ሳቅ አይደለም። «እኛ ዘንድ ነው ያለው» አለችኝ። ለካ ዱቄቱ ከመድረሱ ጎጆ ለጎጆ በጣሳ እያደሉት ኖሯል፤ ጡት ለተወ ልጅ አንድ ጣሳ፣ ጥርስ ለሌለው አንድ ጣሳ። ለራሳቸው የሚያስቀሩት ጆንያው ላይ የቀረውን አራግፈው ነው።

ተቆጣሁ። በአማቴ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። «ለእርስዎ ነው ያመጣሁት!» አልሁ።

«የእነሱን ወፍጮ ከፍቶ የተወው ልጄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጎረቤት ጭስ ሳይወጣ የእኔ ቤት ብቻ ጭስ ሊወጣ ነው? በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

እኛ ዘንድ ይህን የሚሉ አሮጊት አይመከሩም። ከዚያ ሁለት እጥፍ መሸከም ጀመርሁ፤ እሳቸውም ሁለት እጥፍ ማደል ጀመሩ። የምሸከመው በጨመረ ቁጥር ጣሳ ይዞ የሚመጣው ሰው ይጨምራል። ያ ቀዬ በአንዲት ሴት ጀርባ የሚጠግብ አልነበረም። የእማማ የእርዳታ በቆሎ ግን ቤታቸው ጥግ በሙሉ ጆንያ ቆሟል፣ ማን ያኝከው?

የይስሐቅን ደብዳቤ በሄድሁ ቁጥር ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አነብላቸው ነበር። ደስ የሚል ደብዳቤ ነው የሚጽፈው። ዛሬ የሞተሩን ይህን ክፍል ፈታን፣ ዛሬ ይህን ገጠምን፣ አብራሪው ወርዶ ጨበጠኝ ይላል። እማማ ያዳምጣሉ፣ የሚያልፈውንም ሰው ጠርተው እንደገና አንቢ ይሉኛል። አንድ ቀን አቋረጡኝና ጠየቁኝ።

«ይህን ሁሉ ሰው የሚያሠራ አውሮፕላን፣ ምን ይፈጫል?»

ሳቄ መጣ። «አይፈጭም እማማ። ይዋጋል።»

«ተዋግቶ ሲመጣስ?»

«ይቆማል።»

«ቆሞስ?»

«ይጠብቁታል።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እንደ እኔ ሞተር ነዋ» አሉ። የተበተነውን ብረት እያዩ ሳቁ፣ ያቺ አንድ ጥርሳቸው ታየች። አብሬያቸው ሳቅሁ። ወደ ገሱባ ስመለስ ግን መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ለይስሐቅ ስለ ወፍጮው ጽፌለት ነበር። «ፈቃድ ጠይቄ ተከለከልሁ፣ ጦርነት ላይ ነን አሉኝ» ብሎ መለሰ፤ «እናቴ እንዴት ናት?» ብሎም ጠየቀ። እማማ ደግሞ «ደህና ናቸው በይው፣ የአገር ሥራ ላይ ያለ ሰው በእናት ወሬ አይረበሽም» አሉኝ። ጻፍሁ፣ «ደህና ናቸው» ብዬ። ይህችም የእኔ እጅ ናት። ሥራዬ መጻፍ ነው፣ ታዲያ በዚያ ዓመት የጻፍሁት ሁሉ ጉድ ሆኖ ወጣ።

ሚያዝያ ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ጽሕፈት ቤት መልእክተኛ መጣብኝ። እማማ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እንደ ተቀመጡ ግድግዳውን ተደግፈው አርፈዋል። ቅዳሜ ሳያቸው ተነሥተው መቆም አቅቷቸው ነበር፤ በግድ ላምጣቸው ብዬ ረቡዕ የሚሸከሟቸው ሰዎች አነጋግሬ ነበር። አንድ ቀን! አንድ ቀን ብቻ ቀደመኝ።

ሶርሳ በቢሮው ሬዲዮ ለይስሐቅ አስነገረለት። አሁን የሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጠው፤ ለሞት ይሰጣል። የደረሰው እናቱ ከተቀበሩ በሁለተኛው ቀን ነው። ለቅሶ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዱቡሻው፣ ሰው የሚሰበሰብበት ያ ሰፊ ሜዳ ላይ ተቀምጧል፣ ወፍጮ ቤቱም ከዚያው ዳር ነው። ይስሐቅ ዩኒፎርም ለብሶ ሲመጣ ሴቶቹ ተነሥተው ጮሁ። ልማዱ መሃል ገብቶ፣ ደረቱን መትቶ፣ እናቱን በስም ጠርቶ እንዲያለቅስ ነው። እሱ ግን ዳር ላይ ቆመ። ሽማግሌው ባዳቾ ፊት ሄዶ ጎንበስ አለ።

«አባቴ፣ መጀመሪያ ልዝጋው» አለ። «ክፍት ትቼ ማልቀስ አልችልም።»

እነሆ ስድብ፣ እነሆ እርግማን ይመጣል ብዬ ነፍሴ ተጨነቀች፤ የባዳቾ ሁለት የልጅ ልጆች በዚያ በቆሎ ታመው ነበር፣ አንደኛው አልተረፈም። ሽማግሌው ግን «ግባ ልጄ» ብቻ አለው።

ኩሽኔታውን ከሶዶ ይዤው መጥቻለሁ። ቀኑን ሙሉና የማግስቱን እኩሌታ ሠራ። አንድም ብሎን አልጎደለም፣ እማማ ጠብቀውታል። ሰዉ ለቅሶውን ትቶ አልሄደም፤ ወደ ወፍጮ ቤቱ ዞሮ ተቀመጠ፣ ሙሾውም ወደዚያ ዞሮ ወረደ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ አጨሰ፣ ከዚያ ያዘ። እልል ያለች አንዲት ሴት ነበረች፤ አፏን በእጇ ያዘች። ሰው እልል ይበል ያልቅስ አላወቀም።

መጀመሪያ የተፈጨው የእማማ በቆሎ ነው። ያ ጥግ የቆመው ሙሉ ጆንያ። ሴቶቹ ገንፎ አገነፉበትና ለለቅሶኛው ታደለ፣ ሕፃናቱ ቀድመው በሉ። ለይስሐቅ በሳህን አምጥቼለት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ አጠገቡ ተቀመጥሁ። አልነካውም።

«ደብዳቤዎቼን አነበብሽላት?» አለኝ።

«ሁሉንም። ደጋግሜ። መንገደኛ እየጠሩ ያስነብቡኝ ነበር።»

ሳህኑን መሬት ላይ አኖረው። «ውሸት ነው» አለ። «አንድም ሞተር አልነካሁም፣ ዓመሌ። አዲሶቹ ጄቶች የውጭ አገር ባለሙያዎች ይዘው ነው የመጡት። እኛ የድሮዎቹ ሞተሩን ከሩቅ ነው የምናየው። እኔ ጠጠር ነው የምለቅመው።»

«ምን?»

«ጠጠር። ጠዋት ጠዋት ተደርድረን ማኮብኮቢያውን እያጎነበስን እንሄድበታለን። አንዲት ጠጠር ሞተሩ ከሳባት ያ ሁሉ ሀብት ይቃጠላል። ሥራ ነው፣ ቀላል ሥራ አይደለም፤ አየር ኃይል አዲስ ገብ ሳለሁም ለቅሜያለሁ። ግን አምስት ወር... ይቺን ወፍጮ በሦስት ቀን እዘጋት ነበር። እናቴ ጥርስ እንደሌላት እያወቅሁ፣ አምስት ወር ጠጠር ለቀምሁ።» ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት የትናንትና የዛሬ ብቻ ነው፤ ሲመጣ ንጹሕ ነበሩ። «እሷ ግን ልጄ ተፈልጎ ተጠራ እንዳለች ሞተች። አገር ነው የጠራኝ፣ እኔ በራሴ አልሄድሁም። ይህቺን ብቻ ይዤ ነው የቆምሁት።»

ዝም ብል ኖሮ ይሻል ነበር ይሆን? ብዙ አስቤበታለሁ። ነገር ግን ያን ቀን አንድ ተጨማሪ ውሸት የምሸከምበት ጀርባ አልነበረኝም። «አገር አልጠራህም» አልሁት። «ስምህ ማኅደር ውስጥ አልነበረም። አራተኛ አድርጌ የጻፍሁህ እኔ ነኝ። በመኪና እንድትሄድ የገፋሁህም እኔ ነኝ፣ ደህና ናቸው ብዬ የጻፍሁልህም እኔ ነኝ። እኔን ጥላኝ፣ ይስሐቅ።»

ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሞተሩ ከግድግዳው ወዲያ ይመታል፣ መሬቱ ከሥራችን ይንቀጠቀጣል። ፊቱን ሳያዞር፣ «እናቴ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ቅዳሜ፣ የመጨረሻዋን ቅዳሜ ነገርኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ነገርኋቸው።»

«ምን አለች?»

«ስምህ ሲጠራ ፊትህ ምን ይመስል ነበር ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ከዚያ ራሴን ዳሰሱኝና 'ጽሕፈት ባውቅ ኖሮ አንቺን አልጠብቅም ነበር፣ ራሴ እጽፈው ነበር' አሉኝ።»

ይስሐቅ ከመጣ ጀምሮ እንባ አልወጣውም ነበር። ያን ጊዜ እናቱን በስሟ ጠራት። ፊቱን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ እንደ ልጅ ጮኸ። ወፍጮው እየፈጨ ስለ ነበር ዱቡሻው ላይ የተቀመጠው ሰው አልሰማውም፤ እኔ ብቻ ሰማሁት።